ለአንዱ እግር የበቃ፣ ለሌላው የጠበበ

ሮብ ገበያ ስሙ ራሱ ቀጠሮ ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ አገር፣ ገበሬው ሮብ ማለዳ ጤፉንና ባቄላውን በአህያ ጭኖ ይወጣል። ቀኑ ጾም ቢሆንም ቅቤውም ዶሮውም ይሸጣል፤ የሚበላው ለነገ ነው። እንግዳ ሰው እህሉንና ከብቱን ያያል፤ ጫማ ሻጩ ግን የሚያየው እግር ነው።

ኮንጎው፣ በረባሶውና ሸራ ጫማው ጥንድ ጥንዱን ታስሮ ይሸጣል። የጥንዱ ቁጥር አንድ ነው፤ የሰው እግር ግን እንዲያ አይደለም። የብዙዎቻችን አንደኛው እግር ከሌላው በጥቂቱ ይበልጣል፤ ብዙም ሳናስተውለው እንኖራለን። በዚህ አገር ግን ልዩነቱ ከሩቅ የሚታይባቸው አሉ።

ምክንያቱ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ የደጋ ቀይ አፈር ደቃቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ በተፈጥሯቸው ለበሽታው የተጋለጡ ሰዎችን እግር ዓመት በዓመት ያሳብጣል። ከጣትና ከውስጥ እግር ጀምሮ ወደ ጉልበት ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ አንዱን ግን አብልጦ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚታይ እርግማን ነው የሚሉ አሉ፤ ይተላለፋል ብለው ጋብቻ የሚከለክሉም አሉ። እርግማንም አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ጫማ የጠበበው ሰው በባዶ እግሩ ይሄዳል፤ በባዶ እግሩ ሲሄድ ደግሞ እብጠቱ ይብሳል። ይህን አዙሪት መስበር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎችን ለ12 ወራት ተከታትሏል። እግርን ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ቶሎ የተጀመረላቸው ሰዎች፣ እግርን የሚያተኩሰውና ከሥራ የሚያስቀረው ሕመም በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ተነሣባቸው፤ ሕክምናው በዘገየላቸው ግን 23.9 ጊዜ። ለሚያርስና ለሚያጭድ ሰው አራት ጊዜ ከመተኛት መዳን ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ለአያትም ሆነ ወደ ጮቄ ተራራ ለሚወጣ ጎረምሳ ጫማ ሲገዙ ሁለቱንም እግር ቆመው ያስለኩ፤ እግር ውሎ ስለሚያብጥ ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል። ቁጥሩን የሚወስነው ትልቁ እግር ነው። ከጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይተርፍ፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ከጫፉ ጋር ከተጋጨ ጫማው ጠቧል። ለትንሹ እግር ተጨማሪ ገበር ወይም ወፍራም ካልሲ ይበቃል። ልዩነቱ ከዚያ ካለፈ ለጫማ ሰፊ በልክ ማሠራት ነው። ያበጠ እግር ያለበት ሰው ደግሞ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ልጆችን በተመለከተ ነገሩ ይቀላል፤ በሽታው ጫማን ከሕፃንነት ጀምሮ በማድረግ የሚከላከሉት ነው። ልጅ ግን ያድጋል፤ አምና የበቃው ዘንድሮ ይጠበዋል። የጠበበውን ጫማ አውልቆ በባዶ እግሩ ከብት ሲጠብቅ ካዩት፣ ከመቆጣትዎ በፊት እግሩን ይለኩት።