ስሙኒ የሚበላው ቡፌ

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ሰሞኑን በሰፈራችን አንድ ቁራሌው እየጮኸ ሲያልፍ ሰማሁና የአክስቴ ቡፌ ትዝ አለኝ። ቡፌ ስልህ፣ ወዳጄ፣ ያው እናቶቻችን የሚታይ እንጂ የማይጠጣበት ብርጭቆ የሚደረድሩበት፣ ልጅ እንዳይነካው የሚቆለፈው የሳሎን ዕቃ ነው። የአክስቴ ግን ሌላ ነበር። ስሙኒ ይበላና ይዘፍናል።

ዘመኑ 1974 ዓ.ም. ነው። አክስቴ ጎጃም በረንዳ አካባቢ ጠጅ ትሸጥ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ፣ እኔ ጋሼ የምለው አጎቴ፣ እዚያው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ራዲዮ ይጠግናል። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ የሁለቱም ተላላኪ ነኝ። ጋሼ በወጣትነቱ ውቤ በረሃ ያየውን ጁክቦክስ አንስቶ አይጠግብም። ሳንቲሙን ስትከትለት መብራቱ ቦግ ይላል፣ የፈለግከውን ቁጥር ትጫናለህ፣ አንድ ክንድ ከተደረደሩት የዘፈን ሸክላዎች መሃል ያንተን መዝዞ ያስቀምጥልሃል። "ጁክቦክስ ማለት ክንድ ነው" ይል ነበር፣ ጠጁን እየተጎነጨ።

ሸክላዎቹ ራሳቸው በቀላል መንገድ አልመጡም። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ ተብሎ ተከልሎ ሳለ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ አገር አሳትሞ አመጣ። ከዚያ በኋላ ማን ይመለስ! አብዮቱ ሲመጣ አምሃ አሜሪካ ገባ፣ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጭፈራ አፈነው፣ ካሴት ተከተለ፤ 1970 ላይ ሸክላ መታተሙም ቀረ። በእኛ ጊዜ ሰው ሸክላውን ከባዶ ጠርሙስ ጋር ለቁራሌው ይሰጥ ነበር። ጋሼም "ዘፈኑ መንገድ ላይ ወድቋል፤ የጎደለን ሳጥኑ ነው" አለና ምናለሽ ተራ ወረድን።

ቡፌውን አንድ ተሸካሚ በጀርባው አዝሎ አመጣልን። መሳቢያው ሲከፈት ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል፤ የማን ቤት ዕቃ እንደነበረ፣ ባለቤቱ ወዴት እንደሄደ፣ በዚያ ዘመን አይጠየቅም። ጋሼ የጀርባውን ኮምፔንሳቶ በካቻቢቴ ፈልቅቆ አወጣና ቡፌውን ጓዳውን ከጠጅ ቤቱ ከሚለየው የጣውላ ግድግዳ ጋር አጣበቀው፤ ግድግዳውንም ልክ በቡፌው ስፋት ቆረጠው። ፊት ለፊቱ ላይ የስሙኒ መግቢያ ሰነጠቀ። ከስንጥቁ እስከ ጓዳ ድረስ የዘይት ቆርቆሮ አጥፎ አሸንዳ ሠራለት። የበር ደወል መጫኛዎች ገጠመና ከእያንዳንዳቸው ወደ ጓዳ ሽቦ ሳበ፤ ጫፉ ላይ የእጅ ባትሪ አምፖል። ቁጥሮቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በአክስቴ የጥፍር ቀለም።

ድምፁን የሚያወጣው እስኪሞቅ ድረስ ትንፍሽ የማይል የድሮ ግሩንዲግ ራዲዮ ነበር። እነዚያ ራዲዮዎች ከኋላቸው የሸክላ ማጫወቻ የሚሰካበት ቀዳዳ አላቸው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጋሼ ማጫወቻችንን እዚያ ሰካው። አንዳንዱ ሸክላ ደግሞ መሃሉ ለጁክቦክስ እንዲመች ወደ 4 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ሰፊ ቀዳዳ ስላለው ከኛ ማጫወቻ ላይ ይዋልላል። ጋሼ የተሰበረ ወንበር እግር በስሱ እየቆረጠ፣ እየሞረደ ውታፍ አበጀለት። መርፌው ሲዘልም ክንዱ ላይ ሳንቲም በፕላስተር ይለጥፋል። የስታኞው ጭስና የጌሾው ሽታ ተደባልቆ ልብሴ ላይ ስለሚያድር እናቴ "ይህ ልጅ ምን እየሆነ ነው?" ትል ነበር።

ሁሉ ተሠርቶ ሲያልቅ ጠየቅኩት። "ጋሼ፣ የኛ ክንድ የታለ?"

"ይኸውና!" ብሎ ክንዴን ያዘኝ።

እንዲህ ሆኜ ጁክቦክስ ሆንኩልህ። ስሙኒው በአሸንዳው ተንሸራቶ ጣሳ ውስጥ ኳ ሲል እነቃለሁ፤ አምፖሉ ሲበራ ቁጥሩን አይቼ ሸክላውን አነሳለሁ፣ በጥጥ ጠረግ አድርጌ መርፌውን አሳርፋለሁ። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" እያለ የሰፈሩ ሰው ሊያይ ጎረፈ። እኔ አንዳቸውንም ሳላይ ሁሉንም በድምፅ ለየኋቸው፤ ማን ብርሌውን ጠረጴዛው ላይ እንደሚያማታ፣ ማን ከሳቁ በፊት እንደሚያስል። ጌታቸው ካሳ ትዝታን በዝግታም በፍጥነትም ዘፍኖታል፤ ወጣቶቹ ፈጣኑን ሲያዙ ሁልጊዜ ዝግተኛውን የሚያስከትል አንድ ጡረተኛ ወታደር ነበር። ልጁ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ ሰሜን ሄዷል ይባላል። ዘፈኑ ሲጀምር ጠጅ ቤቱ ዝም ይልለታል፣ የሚንጫጫው ሁሉ።

አንድ ማታ አሸንዳው እንደወትሮው ኳ አላለም፤ ሸሸሽ ብሎ የወረደው ከረሜላ ነው። ማሽን ሊያታልል የሚሞክር ሌባ መሰለኝና በጣም ተናደድኩ። ከረሜላውን ግን በላሁት። በማግስቱም መጣ፣ ከዚያም ወዲያ መጣ። ሁሌ ከዝግተኛው ትዝታ በፊት።

ሰው ሁሉ ማሽን ነው ብሎ ያምናል ብዬ ስንት ዓመት ኮርቼ ኖርኩ መሰለህ! አድጌ አንድ ቀን ለአክስቴ ባነሳባት ከት ብላ ሳቀች። "ኧረ በዘፈን መሃል እያስነጠስክ ማን ማሽን ነው ይላል? 'ልጁ እንዳይተኛ' እያሉ ነበር እኮ ከረሜላውን የሚከቱልህ።" ቅር አለኝ፤ ዛሬም ትንሽ ቅር ይለኛል። ጋሼ ግን ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ ዘፈን መሃል እንዳላስል አጥብቆ የከለከለኝ ሰውዬ ማስነጠሴን አንድ ቀን አልተቆጣም።

የኛን ጁክቦክስ የገደለው ካሴት ነው። አንድ ደንበኛ የካሴት ቴፕ ይዞ መጣ፤ ስሙኒ አይጠይቅ፣ ልጅ አይፈልግ። አክስቴ ውላ አድራ እሷም ገዛች። ቡፌው መደርደሪያ ተመታለትና ብርሌ ተደረደረበት፤ ሸክላዎቹ ተደራርበው መስኮት ሥር ቀሩ፣ ፀሐዩም አጣመማቸው። ከዓመታት በኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ ኢትዮፒክስ በሚል ስም እነዚያኑ ዘፈኖች በሲዲ እየሰበሰበ ሲያወጣ ዓለም ጉድ አለ። እኛ ለቁራሌው የሰጠነውን ሌላው በውድ ዋጋ ፈልጎ ይገዛው ጀመር።

ስለዚህ ወዳጄ፣ በአባትህ ቤት ቡፌ ሥር ሸክላ ካለ ደራርበህ አታስተኛው፤ እንደ መጽሐፍ አቁመው፣ ከፀሐይና ከምድጃ አርቀው። ቁራሌው ቢመጣም ጠርሙሱን ብቻ ስጠው።