ያቺ ቀይ ጃንጥላ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ግራጫ ቀለም ልጽፍ ነው። ለነገሩ ዕዳ ልከፍል ነው።

ከዓመታት በፊት ከቡራዩ እየተመላለሰ የሚማር ተማሪ ነበረኝ። አንድ ክረምት የገፈርሳን ግድብ ስሎ አመጣ። ውሃው ግራጫ፣ ሰማዩ ግራጫ፣ ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ እንኳ አመድማ። ዳር ላይ አንዲት ሴት ቀይ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔም መምህር ነኝ አይደል፣ "ቀለሙ ሞቷል፣ አድምቀው" አልኩት። በሳምንቱ ውሃውን ሰማያዊ፣ ዛፉን አረንጓዴ አድርጎ መጣ። ጃንጥላዋ እዚያው ነበረች፤ ግን ዓይን አያርፍባትም። "አሁን ተስተካከለ" ብዬ ሸኘሁት።

ጥፋቴ የገባኝ ሱሉልታ ላይ ነው። መስከረም ነበር፤ አደይ አበባ ልስል ከእንጦጦ ጀርባ ወርጄ ሜዳው ላይ ተቀመጥኩ። ቢጫውን ከቱቦው እንደወጣ ለጠፍኩት። ሸራው ጮኸ! ቀና ብዬ ሳይ የእውነቱ ሜዳ አይጮህም። ዳመናው፣ እርጥቡ መሬት፣ የሩቁ ባሕር ዛፍ፣ ሁሉም ግራጫ ነገር ናቸው። ቢጫውን ያደመቁት እነሱ ናቸው።

ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭረል የጎብላን ምንጣፍ ፋብሪካ ቀለም ነከራ ኃላፊ ሳለ "ጥቁሩ ክር ይደበዝዛል" የሚል ቅሬታ ይመጣበት ነበር። ሲያጣራው ክሩ ደህና ነው፤ ያደበዘዙት ጎረቤቶቹ ቀለሞች ናቸው። በ1839 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው። እኔ ያንን እያስተማርኩ ነበር ጃንጥላዋን ያጠፋሁት!

ታዲያ ግራጫ ሁሉ አንድ አይደለም። ከጥቁርና ነጭ ብቻ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሲሚንቶ ነው። አልትራማሪን ሰማያዊን ከበርንት ሲየና ጋር አዋህዱና ነጭ ጨምሩበት። ሰማያዊው ካየለ ሰበታ ሆናችሁ በጠዋት የምታዩት ወጨጫ ይመጣል፤ ቡናማው ካየለ የበጋ አቧራ። ቢጫ ካስቸገራችሁ ወይን ጠጅ ጠብ አድርጉበት፣ ይረግባል። እዚያው ሥዕል ላይ ካሉት ቀለሞች የተቀላቀለ ግራጫ ለሁሉም ዘመድ ነው። እንደ ሽማግሌ መሃል ገብቶ ያስታርቃቸዋል።

ያ ልጅ የት እንዳለ አላውቅም። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ ያ ሰማያዊ ከሸራው ላይ አይነሳም፤ ደርቋል። ገፈርሳ ግን አለ። ሐምሌ ላይ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና አብረን እንሂድ። ጃንጥላውን እኔ ይዤ እቆማለሁ።