ለካምቢዮ ሙቀት መርዝ ነው

የኤረር ፍልውሃ መድኃኒት ነው ይባላል። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ሙቀት መርዝ ነው፤ ዘይቱ ተቃጥሎ ይጠቁራል፣ ፍሪሲዮኑም መንሸራተት ይጀምራል። እኔ ለዚህ ቆላ ስል ግቢዬ ውስጥ ከራዲያተሩ ፊት ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ገጥሜያለሁ። ዘይቱንና ፊልትሮውን ሳይጠቁር እቀይራለሁ፤ ዘይቱም አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው ስለ መኪናዬ ብቻ ብዬ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ለሁሉም እስኪዳረስ አብዛኛው ሰው የሚነዳው ያለውን አሮጌ መኪና ነው። እንግዲያው የከለከለው አካል ትክክለኛ ዘይትና መለዋወጫ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገባበትን መንገድ ይክፈት። አለዚያ የክልከላው ዕዳ የሚወድቀው በአሮጌ መኪና ልጆቹን በሚያሳድር ሰው ላይ ነው።