ጅግናና ጀግና

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ለሚሉ ሰዎች የፎገራ ሜዳ ምስክር አያሳጣቸውም። ወረታ በአማርኛ የውለታ ምላሽ ነው። ከተማዋም የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ በሚገነጠልበት ቦታ ተቀምጣ ከአላፊ አግዳሚው ወረታዋን ትቀበላለች። የከተማ ወጣት «መፎገር» ሲል ማሾፉ ነው፤ በበጋ ከብት የዋለበት የፎገራ ሜዳም በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ባሕር ሆኖ ያሾፋል። እንዲህ ያለው ፍቺ የሚሰፋው ግን ነገሩ ከታየ በኋላ፣ በልክ ነው። ውሃ በሚተኛበት አገር ለተሠራው የወረታ «ደረቅ ወደብ» ስም ያወጣው መልአክ ሳቅ ሳያመልጠው አልቀረም።

ዋናው ጉዳይ ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እየረዱ፣ የደራው ጅግናና የፎገራው ሻጋ አምራቾች ማኅበራት ሩዝ ሞከሩ። ከዚያ የቀረው ዘር «ኤክስ ጅግና» ተባለ። ጅግና የቦታ ስም ነው፤ ከ«ጀግና» የሚለየው በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሆነ እንግዳ ሰሚ ማረሚያ ሳይጠብቅ ጀግና አድርጎት ያልፋል። ዘሩ ደግሞ ወደ 1800 ሜትር በሚጠጋው ከፍታ ብርዱን ችሎ አፈራ፣ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ፣ ሩዝም «ነጭ ወርቅ» ተባለ። ብርድ የቻለው ግን በተፈጥሮው እንጂ በስሙ አይደለም። ከብራዚል የመጣው «አይ ኤ ሲ 164» የሜዳውን ወንዝ ስም ወርሶ «ጉማራ» ቢባልም፣ የአገር ልጅነት ስሙ ኤክስ ጅግናን ከማሳ ለማስለቀቅ አልበቃውም። በኋላ ደግሞ ተመራማሪዎች «ሻጋ» የሚባል ዝርያ ለቀቁ። ለእህል ከዚህ የከፋ ስም አይገኝም፤ ሻጋታን ያስታውሳል። ገበሬው ግን የሚያየው ዛላውን ነው፤ ዘራው።

ክርክሩ ከፎገራ ሩዝ ይልቅ ያረጀ ነው። በፕላቶ «ክራቲለስ» ውስጥ አንዱ ወገን፣ ራሱ ክራቲለስ፣ ስም ከነገሩ ባሕርይ ይመነጫል ሲል፣ ሄርሞጌኔስ የሰዎች ስምምነት ነው ይላል። የሄርሞጌኔስ ስም የንግድና የትርፍ አምላክ የሆነውን የሄርሜስን ዘር ያመለክታል፤ ባለቤቱ ግን ገንዘብ አይበረክትለትም። ክራቲለስም ያለምንም ርኅራኄ፣ እንግዲያው ስምህ አይደለም ብሎታል።

በዚህ ሕግ ከተሄደ የፎገራ ላምም ስሟን መመለስ ይኖርባታል። በወተቷና ረግረግ በመቻሏ የታወቀችው ይህች ዝርያ ግጦሿን የሩዝ ማሳ እየወሰደባት፣ ከሌሎች ከብቶችም ጋር እየተዳቀለች ሄደች። ንጹሕ ዘሯ በባሕር ዳር አቅራቢያ፣ በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይረባል። እዚያም ሆና ፎገራ ነው የምትባለው። ከተለቀቁት የሩዝ ዝርያዎች መካከል ደግሞ አንዱ «አንዳሳ» ይባላል።