ሳሙናው

በጥያቄው ወረቀት ላይ ተራ ቁጥር 7 እንዲህ ይላል፤ «በሰው ሠራሹ እጅ ሊይዙበት በጣም የሚፈልጉት ዕቃ ምንድን ነው?» መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ናት፤ «ሳሙና።» በዚህች ቃል የተነሣ አራት የምህንድስና ተማሪዎች አምስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጡ። ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እነሱ የወረቀቱ ነው ይላሉ፤ እኔ ደግሞ የኔ ነው እላለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ የተማረች የሰፈሬ ልጅ አለች። እሷ ሜካኒካል ምህንድስና ገባች፤ እኔ እንደምታውቁኝ ሥነ ጽሑፍ። አንድ ማታ ዶርማችን መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የመመረቂያ ሥራቸው ለአንድ የጦር ጉዳተኛ የሚሆን እጅ መሥራት እንደሆነ ነገረችኝ። «እኛ ሰው ማነጋገር አናውቅበትም፤ አንቺ ደግሞ ሥራ የለሽም» አለችኝ። የኛ ትምህርት ለምህንድስና ልጆች እንዴት እንደሚታያቸው ታውቃላችሁ። አልተቀየምኳትም። እንዲያውም፣ ለምን ይዋሻል፣ ደስ አለኝ። ከግጥም ሌላ ለሆነ ነገር ስፈለግ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሰውየው አሥር አለቃ ናቸው። ስማቸውን አላነሣም፤ ሰፈሩም ቢሆን የሚጠራቸው በማዕረጋቸው ነው። ቀኝ እጃቸውን ያጡት የካቲት 1991 ባድሜ ላይ ነው፤ «ፀሐይ ግባት» በተባለው ዘመቻ፣ በመድፍ ፍንጣሪ። ከክርናቸው በታች ግማሽ ያህሉ ቀርቷል። ያን ጊዜ ሃያ ዓመታቸው ነበር፤ እኛ ገና አልተወለድንም። ጦርነቱ ቆሞ የአልጀርሱ ስምምነት በታኅሣሥ 1993 ሲፈረም እሳቸው ከሠራዊቱ ወጥተው ሥራ ይፈልጉ ነበር። አሁን የአንድ ፎቅ ዘበኛ ናቸው።

የሄድን ዕለት ከቆርቆሮዋ ክፍላቸው አግዳሚ ወንበር አውጥተው አስቀመጡን። ጓደኛዬ የክንዳቸውን ዙሪያ በሜትር ለካች፤ እኔ ጥያቄዎቹን ማንበብ ጀመርኩ። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ «ሳሙና» አሉ፤ ከዚያም ብዙ ተናገሩ። ስለ ውሃ፣ ስለ ምሳ ሰዓት፣ ስለ ልጃቸው። እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ ቃሏን ብቻ በባዶው ቦታ ላይ ጻፍኩና ንግግራቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ምክንያቱም ከወረቀቱ ውጪ የራሴ ጥያቄ ነበረኝ። ስለ ባድሜ ልጠይቃቸው ነበር የምቸኩለው።

ጠየቅኋቸውም። «ጭስ ነበር። ከዚያ ሐኪም ቤት ነቃሁ። ውሃ ጠማኝ» አሉኝ፤ አለቀ። ከዚህች ተነሥቼ በዚያው ሳምንት አሥራ አንድ ገጽ አጭር ልቦለድ ጻፍኩ። ምሽግ አለበት፤ ንስር አለበት፤ የምትጠብቅ እጮኛ አለችበት። ለዚህ መጽሔት ልሰጠው ያሰብኩት እሱን ነበር።

የጥናቱን መግቢያ ጻፊ የተባልኩትም እኔ ነኝ። «ትንሽ ታሪክ አድርጊበት፤ መምህራን ታሪክ ይወዳሉ» አሉኝ። በዚህ ሥራ ከልቤ የተደሰትኩት ያን ሰሞን ነው። ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ጀምስ ሃንገር ከሚባል ልጅ ጋር ተዋወቅሁ። አሜሪካዊ ነው፤ የምህንድስና ተማሪ፣ የ18 ዓመት ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1861 ትምህርቱን ትቶ ከደቡቡ ጦር ጋር ተሰለፈ። (ጦሩ ባርነት እንዳይቀር የሚዋጋ ነበር፤ ይኸም ይታወስልኝ።) ገና ከመግባቱ ፊሊፒ በምትባል ከተማ የመድፍ ጥይት መታው፤ እግሩም ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ቤቱ ሲመለስ ክፍሉን ዘግቶ ከረመ። ከዚያ የበርሜል ጣውላ ጠርቦ፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ የሚታጠፍ እግር ለራሱ ሠርቶ፣ በዚያው ቆሞ ወጣ። ያቋቋመው ድርጅት እስከ ዛሬ እግርና እጅ ይሠራል።

ሌሎችም አሉ። ዶራንስ የተባለው ሰው እጁን በእንጨት መሰንጠቂያ አጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ትከሻ ላይ በታሰረ ገመድ የሚከፈት ባለ ሁለት ጣት ሜንጦ ፈለሰፈ። መልኩ አያምርም፤ ነገር ግን መቶ ዓመት አልፎትም የሚያጠልቀው ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሪቻርድ ቫን አስ የሚባል የደቡብ አፍሪካ አናጢ ጣቶቹን በመጋዝ አጣ፤ አሜሪካ ከሚኖር ኢቫን ኦወን ከሚባል ሰው ጋር እየተመካከሩ በስሪዲ ፕሪንተር የሚታተም እጅ ሠሩና ንድፉን ለዓለም በነፃ ለቀቁት። የኛዎቹ ልጆች የመጀመሪያ ንድፋቸውን ያገኙት ከዚያ ዘር ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የጃይፑርን እግር ነው። ሕንድ አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1968። ከውጭ የሚመጣው ሰው ሠራሽ እግር የተሠራው ጫማ ለሚያደርግና ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው። የጃይፑር ገበሬ ግን ባዶ እግሩን ጭቃ ይረግጣል፤ መሬት ላይ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ቁጢጥ ይላል። ያንን እግር ሰጥተው ቢልኩት አውልቆ ጥግ ያስቀምጠዋል። ራም ቻንድራ ሻርማ የተባለው የእጅ ባለሙያና ዶክተር ሴቲ የሚባሉት ሐኪም ተማክረው ከጎማ ሌላ ዓይነት እግር ሠሩ፤ ባዶውን የሚረገጥበት፣ ቁጢጥ የሚባልበት።

ካሊፎርኒያ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ባለው የፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ፣ ከዚያው የተመረቀው ጆን ሞኔት እ.ኤ.አ. በ2009 በጀመረው ሥራ፣ የምህንድስና ተማሪዎች ከጦር ጉዳተኞች ጋር ይገናኛሉ። ጉዳተኛው ችግሩን ይዞ ይመጣል፤ ተማሪዎቹ ለዚያ ሰው፣ ለዚያ ችግር ብቻ የሚሆን ነገር ይሠራሉ።

ይህን ሁሉ አሳምሬ ጻፍኩት። «ሃንገር ተራ ቁጥር 7ን የሚጠይቀው ሰው አላስፈለገውም፤ የጎደለው የራሱ ነበርና» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይቀር አለበት። አማካሪያቸው ቀይ እስክሪብቶ ሳያስነካው አለፈ። የጻፍኩት ነገር እኔን ራሴን እንደሚመለከት ግን አልመጣልኝም።

ልጆቹ ወርክሾፕ ውስጥ እየለፉ ነበር። የነፃው ንድፍ የእጅ አንጓ ሲታጠፍ ገመዱ ተስቦ ጣቶቹን ይዘጋል፤ አሥር አለቃ ደግሞ አንጓ የላቸውም። ስለዚህ ሞተር ገባ። ሞተር ሲገባ ባትሪ መጣ፤ ከዚያም ጡንቻ ሲኮማተር የምትወጣዋን ጥቂት ኤሌክትሪክ ከቆዳ ላይ የሚያነብ መሣሪያ። ሌሊቱን ሲታተም ያደረ አውራ ጣት ሊነጋጋ ሲል መብራት ጠፍቶ ይበላሻል፤ እንደገና። ሳሙና ደግሞ ክፉ ዕቃ ነው። ጠበቅ ሲያደርጉት ያመልጣል፤ ሲያላሉት ይወድቃል። ጣቶቹን በብስክሌት ካላማዳሪያ አለበሷቸው። ጓደኛዬ በሕልሟ ሳሙና ታያለች ብዬ ሳሾፍባት ትዝ ይለኛል።

ሚያዝያ ላይ እጁ አለቀ። አሥር አለቃ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። እጁን አጠለቁላቸው፤ ከብዙ ሙከራ በኋላ ጣቶቹ ቀስ ብለው ተዘጉና ደረቁን ሳሙና ያዙ። ጭብጨባ ሆነ፤ ፎቶ ተነሣ፤ እኔም ዓይኔ እንባ አቅሯል። እሳቸው ሳሙናውን አዩት፤ ወርክሾፑን ዞር ዞር ብለው አዩና ጥግ ወዳለው ቧንቧ መራመድ ጀመሩ።

«ኧረ አሥር አለቃ! ውሃ እንዳያስነኩት!» ጮኸች ጓደኛዬ።

ቆሙ። «ምኑን?»

«እጁን። ይቃጠላል፤ ኤሌክትሪክ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። ቁጣ እንኳ የለባቸውም፤ ያልገባው ሰው እንደሚጠይቅ ነው የጠየቁት፤ «ታዲያ ሳሙናውን ምን ላደርግበት ነው የያዝኩት?»

መልስ የሰጠ የለም። አንዱ ልጅ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። እኔ ደብተሬን አወጣሁ፤ ምን ልፈልግ እንደሆነ እንጃ። ያቺ አንድ ቃል አለች፤ ከሥሯ ስለ ባድሜ ሁለት ገጽ ማስታወሻ።

ያን ቀን እንደገና ነገሩን፤ ወርክሾፑ ውስጥ ቆመው፣ ኮታቸውን እንደለበሱ። «ቀኝ የሚታጠበው በግራ ነው፤ ግራም በቀኝ። የኔን ግራ ማን ይጠበው? ቤት ልጄ አለች፤ እሷ ስታጥበኝ ምንም አይመስለኝም። ሥራ ቦታ ግን ለምሳ አንድ ትሪ ከበን ነው የምንቀመጠው። በግራ መጉረሴ ራሱ የሰው ዓይን ያስነሣል፤ ያውም ያልታጠበ ግራ! እና ሁልጊዜ አንዱ ይነሣና ያሽልኛል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር እጄን እንደ ሕፃን እዘረጋለሁ። እጅማ አለኝ እኮ፤ ድሮ የተሰጠኝ። ለሰርግ አደርገዋለሁ። እጅ ስጡኝ አላልኩም፤ ይችን ልጅ ነግሬያት ነበር።»

ይችን ልጅ ሲሉ ወደኔ እያዩ ነው። ነግረውኛል፤ እውነት ነው።

ሁለተኛው ሥራ ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጀ። አንድ ክንድ የምታህል ጣውላ፤ በላይዋ ሁለት የልብስ ብሩሾች፣ አንዱ በጀርባው የተኛ፣ አንዱ በጎኑ የቆመ፤ በመካከላቸው ሳሙና የሚሸጎጥበት ቦይ። የተኛው ብሩሽ ለመዳፍ ነው፤ የቆመው ለእጅ ጀርባና ለጣት መሐል፤ ይህን የነገሩን እሳቸው ናቸው። ቧንቧው በጉማጁ ክንድ እንዲከፈት እጀታው ረዘመ። መጀመሪያ ስንሰቅለው ከፍ ብሎ ውሃው ክንዳቸው ውስጥ እየገባ ኮታቸውን አራሰው። ዝቅ አደረግነው። ከሁሉም የተወደደው ዕቃ ቧንቧው ነበር።

በመመረቂያ ፈተናው ዕለት ጣውላዋ አልቀረበችም። ከቀደም ብለው ላንድ መምህር አሳይተዋት «ይኸንን አናጢ ይሠራው የለ እንዴ?» ብለው ነበር። የቀረበው እጁ ነው፤ ደረቅ ሳሙና ይዞ። ጥሩ ውጤት አገኙ። የኔም መግቢያ ተመሰገነ።

እዚህ ላይ ጓደኛዬን እንዳላማት እፈራለሁ። እሷ በእጁ አታፍርም። «ከእጁ የተማርኩትን ከጣውላዋ አልማርም ነበር፤ ነገ ውሃ የማይገባው እሠራለሁ፤ የሚፈልገው ሰው ደግሞ አለ» ትላለች። ልክ ናት። ጽዋ መያዝ የሚፈልግ አለ፤ የሞተር ብስክሌት መሪ የሚፈልግ አለ፤ አሥር አለቃ ብቻ አይደሉም የተጎዱት። እኔ የምከራከራት በዚህ አይደለም። እሷ የያዘችው አንዲት ቃል ነበር፤ የቀረውን ሁሉ ሰምቼ የተውኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ጠባብ ነበር ትለኛለች፤ ለንስሩና ለእጮኛይቱ ግን አሥራ አንድ ገጽ ተገኝቷል። ልቦለዱን ለዚህ መጽሔት አልሰጠሁም። አዘጋጆቹ ቦታ ይዘውልኝ ስለነበር ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በሱ ፈንታ ይኸው።

ሐምሌ ላይ ዝናብ አባርቶ ሳለ በዚያ ሳልፍ ጎራ አልኩ። ምሳ ሰዓት ነበር። ቧንቧው ጋ ሰልፍ አለ፤ ሌላኛው ዘበኛ፣ ሁለት የቀን ሠራተኞች፣ አንድ የማላውቀው ሹፌር። ሁሉም ብሩሹ ላይ እጁን ይፈትጋል፤ ሁለት እጅ እያላቸው። አሥር አለቃ ተራቸው ደረሰና በክንዳቸው ቧንቧውን ገፋ አደረጉ፤ መዳፉን፣ ከዚያ ጀርባውን፣ ከዚያ በጣቶቻቸው መሐል። ጊዜ ወሰዱ። ከኋላቸው ያለው ልጅ ጠበቀ።

«ሳሙናው በሳምንት ያልቅብኛል» አሉኝ እጃቸውን እያራገፉ፤ በቅሬታ ይሁን በሌላ አልለየሁትም። «የመንደሩ ሰው እዚህ ሆነ የሚታጠበው።»

አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁልኝና ወደ ትሪው ጠጋ አልኩ። ስነሣ ጠሩኝ።

«ለዚያች ልጅ ንገሪልኝ፤ የተኛው ብሩሽ ፀጉሩ ተኝቷል። ጠንከር ያለ ይሁን፤ የፈረስ ጭራ ሳይሆን ፕላስቲኩ። የቆመው ግን ደህና ነው፤ እሱን እንዳትነካው። አሁን ጻፊው፤ ትረሺዋለሽ።»

ቆሜ ጻፍኩ።