ስንት ሰው ጠቀሰዎት?

ከሜክሲኮ ሰፈር ቡልጋሪያ ሰፈር ያለ ፓስፖርት በእግር የሚደረስባት ከተማ ናት አዲስ አበባችን። እስቲ ያስቡት፤ አንድ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰው እዚሁ ሰፈር ቡና ቤት ቁጭ ብሎ ጥናቱን ይጨርስና አድራሻው ላይ «ቡልጋሪያ» ብሎ ይሞላል። ድካሙ ለሶፍያ ላለመቆጠሩ ምን ዋስትና አለው? ይህስ ቀልድ ነው። የተመራማሪ ስም ጣጣ ግን የምር ነው፤ ቡናው እስኪደርስ እሱን እንጫወት።

ዛሬ ተመራማሪ ሲገመገም «ስንት ጻፍክ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ሰው ጠቀሰህ?» ይባላል። የዚህ ቆጠራ አባት አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1955 አቀረበ (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ የሳይንሱን የጥቅስ ማውጫ በ1964፣ የማኅበራዊ ሳይንሱን በ1973 አወጣ። ዓላማው አጥኚ የሚፈልገውን ጽሑፍ ሳይንከራተት እንዲያገኝ ነበር። ውሎ አድሮ መፈለጊያው የሰው መመዘኛ ሆነ። በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ኤች ኢንዴክስን አመጣ። ቢያንስ አሥር አሥር ጊዜ የተጠቀሱ 10 ሥራዎች ካሉዎት ቁጥርዎ 10 ነው። ዕድሜዎን ፈጅተው አንድ መጽሐፍ ብቻ ጽፈው 5,000 ጊዜ ቢጠቀስልዎትስ? ቁጥርዎ 1 ነው። ሂርሽ ራሱ አንድ ቁጥር የሰውን ሥራ በግርድፉ እንጂ በሙሉ እንደማይገልጽ ጽፎ ነበር። ቁጥሩን ሁሉም ወሰደ፤ ማሳሰቢያውን የወሰደ ግን ጥቂት ነው።

ወደ ራሳችን ሰው እንምጣ። ተመራማሪውን ደሳለኝ ራህመቶን ሳያነብ ስለ ኢትዮጵያ መሬት የሚጽፍ ሰው ባይጽፍ ይሻለዋል ባይ ነኝ። በ1984 ስለ ደርግ የመሬት ለውጥ፣ በ1991 ደግሞ የሰሜን ምሥራቁ ገበሬ ረሃብን በምን ዘዴ ለማለፍ እንደሚታገል የጻፏቸው መጻሕፍት ኡፕሳላ፣ ስዊድን ታትመው ዛሬም ይጠቀሳሉ። ሲጠቀሱ ታዲያ አንዱ እንደ አገራችን ደንብ «ደሳለኝ ራህመቶ» ይላል። ሌላው «ራህመቶ፣ ደ.»፤ ሌላው ደግሞ «ደሳለኝ፣ ራ.» ብሎ ያርፈዋል። በዚህ ላይ ስሙን በላቲን ፊደል ሲጽፍ «ሰ»ን የሚያጠብቅና የማያጠብቅ አለ። ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለቆጣሪው ሦስት አራት ይሆናሉ።

የተገላቢጦሹም አለ። «አበበ፣ ተ.» የሚል ስም ቢያገኙ ተስፋዬ ነው፣ ታደሰ ነው፣ ተሾመ ነው ወይስ ትዕግሥት? አራቱም በአንድ ስም ይጠራቀሙና ማንም ያላየው ታላቅ ምሁር ይወለዳል! አቶ አበበ አንድ መስመር ሳይጽፉ ምስጋናው ሁሉ የእሳቸው ነው። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ለሚቆጥር መዝገብ እኛ አንመችም።

አብረው የጻፉ ሰዎች ሂሳብ ደግሞ ሌላ ነው። በ2005 ስቴፈን ዴርኮን፣ ጆን ሆዲኖትና ጣሰው ወልደሃና በ15 የኢትዮጵያ መንደሮች ድርቅና ሕመም የቤተሰብን ፍጆታ እንዴት እንደሚጎዱ የሚያሳይ ጥናት አሳተሙ። ጥናቱ 100 ጊዜ ቢጠቀስ በተለመደው አቆጣጠር ለሦስቱም መቶ መቶ ይያዝላቸዋል፤ አካፍሎ የሚቆጥር ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 33 ገደማ ይሰጣል። አንባቢው ጽሑፉ ውስጥ የሚያየው ግን «ዴርኮን እና ሌሎች» የሚለውን ነው። መጠይቅ ተሸክሞ በየመንደሩ በር ያንኳኳው ልጅ ደግሞ «ሌሎች» ውስጥም የለም፤ ዕድል ከቀናው ግርጌ ላይ ይመሰገናል።

እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔን የሚያሳስበኝ የተሳሳተው ቆጠራ ሳይሆን ጭራሽ የማይቆጠረው ነው። አቶ ደሳለኝ በ1998 የማኅበራዊ ጥናት መድረክን ሲመሠርቱና ሲመሩ ምሁሩን፣ ሹሙንና የሲቪል ማኅበረሰቡን አንድ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠው አከራከሩ። ከዚህ የበለጠ ትብብር ከየት ይመጣል? አብሮ መጻፍን ብቻ ለሚያይ መለኪያ ግን ያ ሁሉ ዜሮ ነው። ካሳንቺስ ያለውን የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንንም ያስቡ። ከ1958 ጀምሮ ብዙ ጥናት በተቋሙ ስም ወጥቷል፤ ሌሊቱን ያነጋው ኢኮኖሚስት ስም ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ላይ የለም። ሚኒስትር አንብቦት ፖሊሲ ቢቀይርበት እንኳ ሚኒስትር የግርጌ ማስታወሻ አይጽፍም።

ለስሙ ጣጣ መድኃኒት ተገኝቷል። ኦርኪድ የተባለው መለያ ከ2012 ጀምሮ ለጠየቀ ተመራማሪ ሁሉ 16 አኃዝ በነፃ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ስምዎ ቢገለበጥም ቢቆረጥም ሥራዎ በቁጥሩ ይከተልዎታል። ጀማሪ ተመራማሪ ልጅ ካለዎት ዛሬውኑ ያውጣ፤ የስሙን የላቲን አጻጻፍም አንዱን መርጦ እስከ ጡረታው አይቀይር። ያለፉት ሊቃውንት ሥራ ግን በየመዝገቡ እንደተበታተነ ነው። እሱን የሚለቅም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ቢቀጠር ደመወዙ የሚያስቆጭ አይመስለኝም።