ሕፃን ይዞ ወደ ወላይታ ለሚወርድ መንገደኛ

አንባቢ ሆይ፣ በመስከረም ወር ወደ ወላይታ ወርደው ያውቃሉን? ወርደው ከሆነ ሰማዩ እንዴት እንደሚጠራ፣ ቀዩ አፈር በእንሰትና በበቆሎ እንዴት እንደሚሸፈን፣ የዳሞታ ተራራም ደመናውን በራሱ ላይ ጠምጥሞ እንዴት እንደሚቆም ልነግርዎ አያስፈልግም። ገና ካልወረዱ ግን አንድ ቀን መነሣትዎ አይቀርምና፣ በተለይ ሕፃን ይዘው የሚጓዙ ከሆነ፣ ከመንገዱ ውበት አስቀድሜ የማጫውትዎ አንድ ጉዳይ አለኝ። ይኸውም ሕፃኑ በመኪናው ውስጥ የት እንደሚቀመጥና በምን እንደሚታሰር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ የሶዶ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደ ጊዜ እናቷ አራሷን ሊያስታምሙ ከሶዶ መጥተው ዘጠኝ ወር አብረውን ቆዩ። የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ ሲቃረብ ግን «አሁንስ አገሬ መልሱኝ፤ የልጅ ልጄንም ለዘመድ ላሳይ» አሉ። እኛም አንድ ወዳጃችን ባዋሰን ላንድክሩዘር ለመጓዝ ተዘጋጀን። መኪናው ያረጀ ቢሆንም በአራቱም ጎማ የሚጎትት፣ በተለምዶ ፎር ዊል የምንለው ዓይነት ስለ ሆነ፣ ጭቃም ሆነ ኮረኮንች አይበግረውም ነበር።

የሕፃኑን መቀመጫ የባለቤቴ እኅት ከውጭ አገር ልካልን ነበር። በዋዜማው ማታ ከካርቶኑ አውጥቼ ከመኪናው ጋር ስታገል አማቴ ከደጃፍ ቆመው ይመለከቱኝ ነበርና፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? እኔ እያለሁለት! ሕፃን በእቅፍ ይሄዳል እንጂ በፕላስቲክ ይታሰራል?» አሉኝ።

ይህን ቃል፣ አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም በቤትዎ ሳይሰሙት አልቀሩም። ቃሉ ከፍቅር የመጣ ነውና ክፋት የለበትም። ነገር ግን እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ቢጋጭና በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ በውስጡ ያለው ሁሉ የክብደቱን 20 እጥፍ በሚያህል ኀይል ወደ ፊት ይወረወራል። የእኛ ልጅ ወፍራም ነው፤ 10 ኪሎ ይመዝናል። እንግዲህ በዚያች ቅጽበት እርሱን አቅፎ ለማስቀረት 200 ኪሎ፣ ማለት ሁለት ኩንታል ጤፍ፣ በክንድ መያዝ ያስፈልጋል። ይህን የሚችል ጎረምሳ እንኳ የለም፤ የሴት አያት ክንድማ እንዴት ይችላል? አቃፊው ቀበቶ ካላሰረ ደግሞ በራሱ ክብደት ሕፃኑን ከፊት ወንበር ጋር ያጣብቀዋል። አንዱን ቀበቶ ለሁለት ማሰርም መፍትሔ አይደለም፤ ሕፃኑ በቀበቶውና በሰውየው መካከል ይጨፈለቃልና።

አማቴን በሒሳብ መርታት ግን ከባድ ነው። ስለዚህ በሚያውቁት ነገር ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ባለቤቴን ያሳደጓት በአንቀልባ አዝለው አይደለም?»

«አዎን።»

«አንቀልባውን ሳያጠብቁ ከደጅ ወጥተው ያውቃሉ?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«እንግዲያው ይህም አንቀልባ ነው። የሚያዝለው መኪናው ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እሺ፣ እሰረው። ካለቀሰ ግን እኔ እፈታዋለሁ» ብለው ገቡ።

እናቶቻችን በአንቀልባ ያወቁትን ነገር የውጭ አገር መሐንዲሶች በመኪና ላይ የሠሩት ዘግይተው ነው። ዛሬ በየመኪናው ያለውን፣ ትከሻንና ወገብን አብሮ የሚይዘውን ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነበር። የአገሩ ሰው በርቲል አልድማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ፊቱን ወደ ኋላ የሚያዞር የሕፃን ወንበር ሠራ፤ አሳቡንም ያገኘው የአሜሪካ የጠፈር ተጓዦች ኀይሉን በጀርባቸው እንዲቀበሉ በጀርባቸው ተንጋለው ሲቀመጡ አይቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ተስማሚ የሕፃን መቀመጫ የጨቅላዎችን የመኪና አደጋ ሞት እስከ 71 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

አሁን ወንበሩ እንዴት እንደሚታሰር በተራ ልንገርዎ።

አንደኛው የቦታ ነገር ነው። ሕፃን ጋቢና አይቀመጥም። በግጭት ጊዜ ከክሩስኮቱ ፈንድቶ የሚወጣው ኤርባግ ወደ ኋላ የዞረውን ወንበር ከነሕፃኑ ይመታዋልና ይገድላል። ሃርድቶፕ በሚባለው መኪና የኋላ ክፍል ደግሞ ጎንና ጎን ፊት ለፊት የሚተያዩ አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ የሕፃን መቀመጫ በእነዚህ ላይ አይታሰርም፤ የተሠራው ወደ ፊት በሚያይ የመኪና ወንበር ላይ እንዲታሰር ነውና። ትክክለኛው ቦታ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ሁለተኛው ረድፍ ነው። የመካከለኛው ወንበር ትከሻንም ወገብንም የሚይዝ ቀበቶ ካለውና ወንበሩ ለጥ ብሎ ከተቀመጠበት መካከሉ መልካም ነው። የእኛ መኪና መካከል ላይ የወገብ ቀበቶ ብቻ ስለ ነበረው በቀኙ በኩል አሰርሁት። በቀኝ በኩል ሕፃኑን የምናወጣውና የምናገባው ከመንገዱ ዳር ሆነን እንጂ መኪና ከሚተላለፍበት በኩል አይደለም።

ሁለተኛው የአቅጣጫ ነገር ነው። የጨቅላ ራስ ከባድ፣ አንገቱ ግን ለጋ ነው። ፊቱን ወደ ኋላ ካዞሩት የግጭቱ ኀይል በጀርባው፣ በአንገቱና በራሱ ላይ እኩል ይከፋፈላል። አዲሱ ዓለም አቀፍ ደንብ ቢያንስ እስከ 15 ወር ድረስ እንዲህ እንዲቀመጥ ያዛል፤ ወንበሩ የሚፈቅደው ክብደትና ቁመት እስኪሞላ ድረስ ቢቆይ ደግሞ የበለጠ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው የወንበሩን ዘንበል ማለት ይመልከቱ፤ የሕፃኑ አገጭ ደረቱ ላይ ከወደቀ ትንፋሹን ይከለክለዋል።

ሦስተኛው ወንበሩን ከመኪናው ጋር ማሰር ነው። በአዳዲሶቹ መኪኖች የወንበሩ መደገፊያና መቀመጫው በሚገናኙበት ስፍራ ኢሶፊክስ የሚባሉ ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉ። በአሮጌዎቹ የሉም፤ የመኪናው ቀበቶ ግን ሥራውን ይሠራል። ቀበቶው በወንበሩ ላይ በተመለከተለት መንገድ ብቻ ይለፍ፤ በብዙዎቹ የአውሮፓ ወንበሮች ላይ ሰማያዊው ምልክት ወደ ኋላ ለዞረ፣ ቀዩ ወደ ፊት ለሚያይ ነው። ከዚያ ወንበሩን በክብደትዎ ተጭነው ቀበቶውን ይሳቡ፤ ይቈልፉትም። በአንዳንድ መኪና ቀበቶው እስከ መጨረሻው ተስቦ ሲለቀቅ ራሱ ይቈልፋል፤ በሌላው ቆላፊው ወንበሩ ላይ ነው። በመጨረሻም ቀበቶው ባለፈበት ስፍራ ይዘው ይነቅንቁት፤ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም ማለት ነው።

አራተኛው ሕፃኑን ከወንበሩ ጋር ማሰር ነው። ወደ ኋላ ለሚቀመጥ ሕፃን የትከሻው ማሰሪያ የሚነሣው ከትከሻው ትክክል ወይም ጥቂት ዝቅ ካለ ስፍራ ነው። ማሰሪያው ትከሻው ላይ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ የሚታጠፍ ከሆነ ላልቷልና ያጥብቁት። ጋቢና ወፍራም ሹራብ ከማሰሪያው በላይ ይደረባል እንጂ ከሥሩ አይሆንም።

አምስተኛው የጭነት ነገር ነው። በፎር ዊል ዕቃውና ሰው የሚለያዩበት ግድግዳ የለም። ከኋላ የተቀመጠ ጀሪካን በግጭት ጊዜ ከወንበሩ በላይ አልፎ ይወረወራል። ከባዱን ዕቃ ከታች፣ ከወንበሩ ጀርባ ጋር አስጠግተው ያኑሩ፤ ከመደገፊያው በላይ አይከምሩ፤ በገመድም ይጠፍሩት። ከባድ ነገር ፖርቶመጋላ ላይ መጫንም መልካም አይደለም፤ ረዥም መኪና በጠመዝማዛ ላይ ይገለበጣልና።

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። በሆሳዕና በኩል ወደ ሶዶ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአዋሽን ድልድይ በመልካ ቁንጡሬ ተሻግረን፣ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የጢያን ትክል ድንጋዮች አልፈን ቡታጅራ ቁርስ በላን። ሕፃን በወንበሩ ብዙ መቆየት ስለማይገባው በየአንድ ሰዓት ተኩሉ እየቆምን አወጣነው፤ አማቴም እስኪጠግቡ ያቅፉት ነበር። መኪናው ሊነሣ ሲል ግን ይመልሱታል። አንድ ጊዜ አለቀሰ፤ እጃቸውን ወደ ዘለበቱ ሰደዱና ባለቤቴን አይተው ተዉት።

አረካ ስንደርስ ቀኑ ገና ስለ ነበር የአጆራን ፏፏቴ ሳናይ ማለፍ አላስቻለንም። ሁለት ወንዞች፣ አጃንቾና ሶኬ፣ ጎን ለጎን ወደ አንድ ገደል ይወረወራሉ፤ በመስከረም ውኃው ሞልቶ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ወደዚያ የሚወስደው ግን ጠጠርና ጉድጓድ ነበር። መኪናው እየዘለለ ወስዶ እየዘለለ መለሰን።

አረካ ተመልሰን ስንቆም እንደ ልማዴ ወንበሩን ነቀነቅሁት፤ አራት ጣት ያህል ተንሸራተተ። አሮጌው የመኪና ወንበር ስፖንጁ ለስላሳ ነውና፣ መንገዱ ሲደበድበው ረግጦ ቀበቶው ላልቷል። አማቴ «ልጄ፣ ከዚህ ሶዶ እኮ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሰናል፤ ይመሻል» አሉ። ልቤ እንደ እርሳቸው አሰበ፤ እጄ ግን ልጁን አወጣና ወንበሩን እንደገና ተጭኖ አሰረው። የፈጀብን ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነው።

ወደ ሶዶ ስንቃረብ መንገዱ ከገበያ በሚመለስ ሰው ተሞልቶ ነበር። ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ድንገት አንድ ጥጃ ገመዱን በጥሶ ከፊቴ ገባ። ፍሬን ያዝሁ። ጎማው ጮኸ፤ መኪናው ከጥጃው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቆመ። አማቴ የቡናውን ፔርሙስ በሁለት እጃቸው አጥብቀው ይዘውት ነበር፤ ከእጃቸው አምልጦ ከፊቱ ወንበር ጋር ተላተመና ተሰባበረ። እርሳቸውን ቀበቶው ያዛቸው። ልጁ ከእንቅልፉ አልነቃም።

አማቴ ባዶ እጆቻቸውን ዘርግተው እንደ ያዙ ለረዥም ጊዜ ተመለከቷቸው። እስከ ሶዶ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ሶዶ በዳሞታ ግርጌ የተዘረጋች ደጋማ ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ግርግሯ ጨምሯል። የአርባ ምንጭ፣ የሆሳዕና፣ የሻሸመኔ፣ የዳውሮና የጎፋ መንገዶች የሚገናኙት በእርሷ ነውና ቤተሰብ የጫነ መኪና አይጠፋባትም። ደጃፍ ስንደርስ «ሳሮ! ሳሮ!» የሚል ሰላምታ ከየአቅጣጫው ወጣ፤ ልጁም ከክንድ ወደ ክንድ ተላለፈ። በጊፋታ ቀን ሙጩዋው በቅቤ ርሶ፣ ጥሬ ሥጋው ከዳጣ ጋር ቀርቦ በላን፤ ዘፈኑም እስከ ሌሊት ዘለቀ። የእቅፍ ቦታ እንዲህ ያለ ቤት መሆኑን ያን ቀን አየሁ።

ልጅዎ ከዚህ የበለጠ ያደገ ከሆነ፣ አንባቢ ሆይ፣ ወንበሩ ቢለወጥም ነገሩ አንድ ነው። ወደ ፊት ወደሚያየው ወንበር የተሸጋገረ ልጅ ማሰሪያው ከትከሻው ትክክል ወይም ጥቂት ከፍ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ነው፤ ይህም የወገቡ ቀበቶ ሆዱ ላይ ሳይሆን ታፋው ላይ፣ የትከሻውም አንገቱ ላይ ሳይሆን ትከሻው ላይ እንዲያርፍ ነው። ያገለገለ ወንበር ሲገዙ ግጭት ደርሶበት እንደ ሆነ ይጠይቁ፤ ታሪኩ የማይታወቀውን ይተዉት። ወደ ሁምቦና ወደ ብላቴ ቆላ ሲወርዱ ደግሞ ፀሐይ ያገኘው ዘለበት ያቃጥላልና በጨርቅ ይሸፍኑት፤ ሕፃኑንም በተዘጋ መኪና ውስጥ ለአፍታ እንኳ አይተዉት።

የምንመለስበት ቀን ደረሰ። ዘመድ ተሰብስቦ ሲመርቀን አማቴ በሰዉ መካከል አልፈው ወደ መኪናው መጡ። የቀኙን በር ከፍተው ወንበሩን በሁለት እጃቸው ያዙና ነቀነቁት። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ይህ ላልቷል፤ እንደገና እሰረው» አሉኝ።

ሄጄ ነካሁት፤ አልላላም ነበር። ቢሆንም ፈትቼ እንደገና አሰርሁት።